የ21ዱን ቀን ለታማሚው ንገሩት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ካንሰር ሲጻፍ በአብዛኛው የሚነሳው የመድኃኒቱ ዋጋና የወረፋው ርዝመት ነው። ይገባል። ወረፋው ደርሶት የመጀመሪያውን ዙር ኬሞ ወስዶ ቤቱ የገባ የሊምፎማ (የሊምፍ ዕጢዎች ካንሰር) ታማሚ በቀጣዮቹ ቀናት ምን እንደሚጠብቀው የሚጽፍ ግን እምብዛም የለም። ቤተሰብም «እንዳይደነግጥ» እያለ የበሽታውን ስም ሳይቀር ይደብቃል። ታማሚው ሽንቱ ሲቀላ፣ እንቅልፉ ሲጠፋ፣ ፀጉሩ ሲረግፍ ያያል፤ ያልተነገረውን በግምት ይሞላዋል፣ ግምቱም ብዙ ጊዜ ከእውነቱ የከፋ ነው።

ፈጥነው ለሚያድጉ ሊምፎማዎች በብዛት የሚሰጠው «ቾፕ» የሚባለው የአራት መድኃኒቶች ጥምረት ነው፤ በየ21 ቀኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 6 ዙር። ከአራቱ አንዱ፣ ዶክሶሩቢሲን፣ ቀይ ነው። ሽንትን ለአንድ ሁለት ቀን ያቀላል፤ ደም አይደለም። ከዚያ አልፎ ከቀጠለ ወይም ሲሸኑ ካቃጠለ ግን ሌላው መድኃኒት፣ ሳይክሎፎስፋማይድ፣ ፊኛን አስቆጥቶ ይሆናልና ለሐኪም ይነገር። ሐኪም ውኃ እንዲቀነስ ካላዘዘ በስተቀር በእነዚያ ቀናት ከ2 እስከ 3 ሊትር መጠጣትና ሽንት ቶሎ ቶሎ መሽናት ፊኛን ይጠብቃል። መድኃኒቱ በደም ሥር እየገባ ሳለ መርፌው ያለበት ቦታ ካቃጠለ ወይም ካበጠ ወዲያው ነርስ ይጠራ። እዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም፤ ከደም ሥር ውጪ የፈሰሰ ዶክሶሩቢሲን ሥጋ ያቆስላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከአራቱ በክኒን በሚወሰደው፣ በፕሬድኒሶሎን ነው። የተለመደው መጠን በቀን 100 ሚሊግራም ለ5 ቀን ነው፤ በባለ 5 ሚሊግራሙ ክኒን ሲቆጠር በቀን 20 ፍሬ። ሃያ ክኒን መዳፉ ላይ ያየ ሰው «ተሳስተው ይሆናል» ብሎ ሁለት ሦስቱን ብቻ ይውጣል፣ ወይም ግማሹን ለማታ ያቆያል። ክኒኑ ራሱ የሊምፎማውን ሕዋስ የሚገድል ስለሆነ መቀነሱ ሕክምናውን ይጎዳል። ማታ መውሰዱ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ዓይን እንዳፈጠጡ ማደር ነው። በሐኪም ካልተለወጠ በቀር ሁሉንም ጠዋት፣ ቁርስ ከበሉ በኋላ መውሰድ፤ የከሰዓቱንም ቡና ለእነዚያ 5 ቀናት መተው። መነጫነጭ፣ የልብ መምታት፣ ያለ ምክንያት መቆጣት ከዚሁ ክኒን ሊመጣ ይችላል። ሲያልቅም በ6ኛውና በ7ኛው ቀን ገደማ ድካምና ሆድ መባስ ይከተላል። ቤተሰቡ «ተስፋ ቆረጠ» ብሎ ከመሸበሩ በፊት ቀኑን ይቁጠር። የስኳር ሕመም ያለበት ስኳሩን በየቀኑ ይለካ።

ሌላው ጭንቀት የሚመስለው የማስታወክ መከላከያው ፕላዚል የሚያመጣው መቁነጥነጥ ነው። በተለይ በደም ሥር በፍጥነት ሲሰጥ፣ ሰውየው መቀመጥም መተኛትም ያቅተዋል፣ እግሩን ማሳረፍ አይችልም። «አይዞህ፣ ጸልይ» ከማለት በፊት ለሐኪሙ መናገር ይቅደም፤ መድኃኒቱ ይለወጣል ወይም በዝግታ ይሰጣል። አንዳንዱ ደግሞ በሦስተኛው ዙር ገደማ የሆስፒታሉን በር ሲያይ ገና ያስታውከዋል። አእምሮ ቦታውን ከሕመሙ ጋር አያይዞት ነው እንጂ ማስመሰል አይደለም። ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ማቅለሽለሹን በደንብ መከላከል ይህን ይቀንሳል፤ ከመጣም ሐኪም ለዋዜማው የሚያረጋጋ ክኒን ሊያዝ ይችላል። እየጠበቁ ሳለ በአፍንጫ አራት እየቆጠሩ መሳብና ስድስት እየቆጠሩ ቀስ ብሎ ማስወጣት፣ ለአምስት ደቂቃ፣ የልብን ምት ያበርዳል።

ከአራቱ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ቪንክሪስቲንና ሌላው የማስታወክ መከላከያ ኦንዳንሴትሮን ተደምረው ሆድ ያደርቃሉ። ማለስለሻው ከ1ኛው ቀን ይጀመር፤ ኮሶና ሌላ የሚያጥብ ነገር አይሞከር፣ በፊንጢጣ የሚገባ መድኃኒትም ያለ ሐኪም ትዕዛዝ አይወሰድ። ሦስት ቀን ሙሉ ካልወጣ ወይም ሆድ ተነፍቶ ካስታወከ ሆስፒታል ነው። አፍ ሲቆስል አንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ (ቤኪንግ ፓውደር አይደለም) በጥብጦ በቀን ከአራት ጊዜ በላይ መጉመጥመጥ ያስታግሳል።

ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ኢንፌክሽንን የሚከላከሉት ነጭ የደም ሕዋሳት በጣም የሚቀንሱበት ጊዜ ነው። ጥሬ ሥጋ፣ ለብለብ ክትፎ፣ ያልፈላ ወተት ይቅር። ጠበል የሚጠጣ ከነፍስ አባቱ ጋር ተማክሮ አፍልቶ ይጠጣ፤ ስለ ጾሙም እንዲሁ ይጠይቅ፣ ፕሬድኒሶሎን በባዶ ሆድ አይወሰድምና። ቴርሞሜትር ቤት ውስጥ ይኑር። 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ወይም ሳይደርስም ካንቀጠቀጠው፣ ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ አይጠበቅም፤ ኢንፌክሽኑ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ፓራሲታሞል ትኩሳቱን ስለሚደብቅ ከመለካት በፊት አይዋጥ።

አዲስ አበባ ታክሞ ወደ ወረዳው የሚመለሰው ሰው በ10ኛው ቀን ትኩሳት ሲይዘው የሚደርሰው በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ነው፤ እዚያ ያለው ባለሙያ ኬሞ መውሰዱን ካላወቀ የወባ መድኃኒት ሰጥቶ ሊመልሰው ይችላል። ስለዚህ ሆስፒታሎች ለእያንዳንዱ ታማሚ ግማሽ ገጽ ወረቀት ይስጡልን፦ የመድኃኒቱ ስም፣ የተሰጠበት ቀን፣ «ትኩሳት ካለ ሳይዘገይ ፀረ ባክቴሪያ በደም ሥር ተጀምሮ ሪፈር ይደረግ» የሚል አንድ መስመር፣ የክፍሉ ስልክ። ታማሚው ያንን ወረቀት ከመታወቂያው ጋር ይያዘው።

በካንሰር ሕክምና የምንሠራ ነርሶች፣ ከአዲስ አበባ