እማዬ፣ ፌጦውን አትላኪው

እማዬ እንዴት ነሽ አፊያ ነሽ ወይ፣ ጉልበትሽስ? ትላንት ስልኩ እየተቆራረጠ በቅጡ ሳናወራ ቀረን፣ ወንድሜ ያንብብልሽ ብዬ በቴሌግራም ልጻፍልሽ። ፌጦና ሎሚውን አደራ አትላኪ። እኛን ያሳደገ መድሀኒት ነው ግን በካንሰር መድሀኒቱ በኬሞው የልጅቷ አፍ ተልጦ ቀይ ስጋው ወጥቷል፣ ሎሚ ቢነካው እሳት ነው። ማሩም ይቆይ፣ በሽታ የሚከላከልላት ነጭ ደሟ ስለወረደ ጥሬ ነገር ተከልክላለች።

የሰው አይን ነው ያልሽው አይደለም እማ። ኬሞው ቶሎ ቶሎ የሚራባ ሴል ካገኘ ካንሰር ይሁን ጤነኛ አይለይም፣ የአፍ ውስጥ ቆዳም ቶሎ የሚታደስ ነውና አብሮ ይቆስላል፣ ጸጉሯም የረገፈው በዚሁ ነው። መድሀኒቱን በወሰደች ሳምንት አካባቢ ይጀምራታል፣ ነጭ ደሟ ሲመለስ በ2 እና 3 ሳምንት ይድናል።

ምራቋን መዋጥ ስለሚያማት ፎጣ አገጯ ስር ይዛ ነው የምትውለው፣ ውሀ ልስጥሽ ስላት በጣቷ ነው የምትመልስልኝ። እና ስትመጪ ብዪ ብዪ እያልሽ አታስጨንቂያት፣ ጥጋብ አይደለም። እንጀራው እንኳ ኮምጣጣ ስለሆነ ያቃጥላታል፣ በርበሬማ አይወራም።

የሚያሳርፋት ጨውና ቤኪንግ ሶዳ ነው፣ ፈልቶ በበረደ 1 ሊትር ውሀ ላይ ከሁለቱም አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ሳትውጥ ተጉመጥሙጣ ትተፋዋለች፣ ከበላች በኋላና ከመተኛቷ በፊት፣ በየመሀሉም። ጥርሷን በጣም ለስላሳ ብሩሽ ለብ ባለ ውሀ ነክሬ ነው የማጸዳላት፣ ፋርማሲ የሚሸጠው አልኮል ያለበት መጉመጥመጫ ግን በደጇ አይደርስም። በረዶም ትወዳለች፣ ጉንጯ ውስጥ ወትፋ ዝም ትላለች።

ሲብስባት ሀኪሟ የሞርፊን ሽሮፕ አዛለች፣ ከምግቧ ግማሽ ሰአት ቀደም ብዬ እሰጣታለሁ ያኔ ትንሽ ትቀምሳለች። ሱስ ይሆንባታል ብለሽ አትፍሪ፣ ለህመሟ በልኩ ታዞ ነው (ሆዷን ማድረቁ ግን አልቀረም)። አንድ ነገር ልብ በይልኝ፣ እኔ ሳልኖር ትኩሳት ቢኖራት ፓራሲታሞል እንዳትሰጫት፣ ትኩሳቱን ይደብቀዋል፣ 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ቀጥታ ሆስፒታል ነው።

ካመጣሽ የአጃ ዱቄት አምጪ፣ ቀጠን ያለ አትሚት ቀዝቀዝ ሲል በስትሮው ትስባለች፣ ካንቺ እጅ ደሞ እምቢ አትልም። ጉንፋን ካለብሽ ግን እስኪለቅሽ እዛው ሀይቅ ቆዪ። ዱአሽ አይለየን፣ ስትነሺ ደውዪልኝ ደሴ መናኸሪያ እጠብቅሻለሁ።