ኮምፒውተሮቻችን ለምን በየጊዜው ፓስወርድ ይጠይቋችኋል?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን እኛ ቤት ኢንተርኔት የተጠቀማችሁ አንድ ለውጥ ሳታዩ አልቀራችሁም። ትናንት የከፈታችሁት ጂሜይል ዛሬ እንደገና ፓስወርድ ይጠይቃል። ቴሌግራምም እንደ አዲስ ከስልካችሁ ኮድ ይፈልጋል። «ኮምፒውተሩ ተበላሸ እንዴ?» ያላችሁን ብዙ ናችሁ። አልተበላሸም። ሆን ብለን ያደረግነው ነው፤ ምክንያቱን ደግሞ ማወቅ አለባችሁ።

ወደኛ የሚመጣው ሰው ብዙ ዓይነት ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያሳትም ይመጣል። የቡና ነጋዴው ሰነድ በኢሜይል ሊልክ፣ ሌላው ለፓስፖርት ሊያመለክት ወይም ዲቪ ሊሞላ ይመጣል። ስሙን፣ የልደት ቀኑን፣ ፎቶውን ያስገባል። ከዚያ ይቸኩላል። መስኮቱን ዘግቶ፣ ሒሳብ ከፍሎ ውልቅ ይላል። መስኮት መዝጋት ግን ከአካውንት መውጣት አይደለም። ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው ጂሜይልን ሲነካ የእናንተ ደብዳቤዎች ሊመጡለት ይችላሉ።

ይህን የሚያደርገው ኩኪ የሚባለው ነገር ነው። ክሊኒክ ስትሄዱ ካርድ ይወጣላችኋል፤ በሌላ ቀን ቁጥሩን ስታሳዩ ፋይላችሁ ይወጣል። ኩኪም እንደዚያ ነው። ድረ ገጹ ለብሮውዘሩ፣ ማለትም እንደ ክሮም ላለው የድረ ገጽ መክፈቻ፣ አንድ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ብሮውዘሩም በተመለሰ ቁጥር ያንኑ ያሳያል። ችግሩ፣ ቁጥሩ የሚቀመጠው ኮምፒውተሩ ላይ መሆኑ ነው። ወንበሩ ላይ ማንም ቢቀመጥ ድረ ገጹ እናንተ ናችሁ ብሎ ይቀበለዋል። ኩኪን እ.ኤ.አ. በ1994 የፈጠረው ኔትስኬፕ የሚባለው የብሮውዘር ኩባንያ ባለሙያ የነበረው ሉ ሞንቱሊ ነው። ያለሱ ዛሬ ኢንተርኔት ላይ ዕቃ መግዛትም ሆነ ኢሜይል ማንበብ አስቸጋሪ በሆነ ነበር። ስለዚህ ክፉ ነገር አይደለም፤ ብዙ ሰው በሚጋራው ኮምፒውተር ላይ ሲቀር ነው አደጋው።

ብዙዎቻችሁ ስትወጡ «ሂስትሪዬን አጥፉልኝ» ትሉናል። ጥሩ ልማድ ነው፣ ግን አይበቃም። ሂስትሪ የገባችሁባቸው ገጾች ዝርዝር ብቻ ነው። እሱ ጠፍቶ ኩኪው ከቀረ አካውንታችሁ እንደተከፈተ ነው። አሁን ግን የደንበኞች ብሮውዘሮቻችን በሙሉ ሲዘጉ ሂስትሪውንም፣ ኩኪውንም፣ ካሹንም (ገጾች ቶሎ እንዲከፈቱ የሚቀመጡትን ምስሎችና ፋይሎች) አብረው ያጠፋሉ። «ፓስወርድ ላስቀምጥ?» የሚለውንም ጥያቄ ዘግተነዋል።

አንድ ነገር ግን ይህ ማስተካከያ አይነካም፤ ዳውንሎድ ያደረጋችሁትን ፋይል። ከብሮውዘሩ ዝርዝር ላይ ቢጠፋም ፋይሉ ራሱ ዳውንሎድስ ፎልደር ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እኛን በጣም የሚያሳስበን ይሄ ነው። የመታወቂያ ቅጂ፣ ትራንስክሪፕት፣ የባንክ ደብዳቤ እዚያ ሲቀር እናያለን። እባካችሁ አሳትማችሁ ስትጨርሱ ፋይሉን ምረጡና ሺፍትን ይዛችሁ ዲሊትን ተጫኑ። ዲሊት ብቻውን ፋይሉ ተመልሶ ሊወጣ ወደሚችልበት ወደ ሪሳይክል ቢን ነው የሚልከው። እኛንም ብትጠሩን ከጎናችሁ ቆመን እናጠፋለን።

በራሳችሁ ስልክ ላይ ጉዳዩ ይለያል። ክሮም ላይ ከላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክታችሁ የአሰሳ ውሂብ መሰረዣውን ታገኛላችሁ። ኮምፒውተር ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ዲሊትን አንድ ላይ መጫን ነው። የመጨረሻው ሰዓት፣ 24 ሰዓት፣ 7 ቀን፣ 4 ሳምንት ወይም ሁሉንም ጊዜ መምረጥ ይቻላል። ግን ሁሉንም ሳጥን ምልክት አታድርጉ። የተቀመጡ ፓስወርዶች የሚል ካያችሁ ተዉት፤ ስልካችሁ ከጉግል አካውንታችሁ ጋር ሲንክ ከሆነ (ከተመሳሰለ) ከሌሎች መሣሪያዎቻችሁም ላይ ሊጠፉ ይችላሉ። ካሽንም በየቀኑ ማጥፋት አያስፈልግም። ገጾቹ ምስሉን ሁሉ እንደገና ሲያወርዱ ፓኬጃችሁን ይበሉታል። ስልኩ ሲሞላ ወይም አንድ ገጽ አልከፍት ሲል ብታጠፉት ይበቃል።

ስልካችሁ ሳትጠይቁት «ሽልማት ደርሶዎታል»፣ «ቫይረስ ተገኝቷል» እያለ ካስቸገራችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ አይደለም። አንድ ድረ ገጽ ማሳወቂያ እንዲልክ «ፍቀድ» ብላችሁታል ማለት ነው። የክሮም ቅንብሮች ውስጥ የጣቢያ ቅንብሮች፣ ከዚያ ማሳወቂያዎች ግቡና የማታውቁትን ሁሉ አግዱ። ካሜራ፣ ማይክና አካባቢ የሚሉትንም እዚያው እዩዋቸው።

ኢንኮግኒቶ በሚባለው የክሮም የግል መስኮት ላይ የምትተማመኑም አላችሁ። እሱ ስትዘጉት ሂስትሪና ኩኪ መሣሪያው ላይ አያስቀርም፤ ሥራው ይኸው ነው። ኢንተርኔት ከሚያቀርበው ድርጅት ወይም ከምትገቡበት ድረ ገጽ አይደብቃችሁም። ያወረዳችሁት ፋይልም አይጠፋም።

ሌላ ቦታ አካውንታችሁን ሳትዘጉ እንደወጣችሁ ከጠረጠራችሁ ወደዚያ መመለስ አያስፈልግም። ቴሌግራም ላይ ቅንብሮች ውስጥ መሣሪያዎች የሚለውን ክፈቱና ሌሎቹን በሙሉ አስወጡ። ዋትሳፕ የተገናኙ መሣሪያዎች የሚል አለው። ጂሜይል ደግሞ በጉግል አካውንታችሁ የደህንነት ክፍል ውስጥ የገባችሁባቸውን መሣሪያዎች ያሳያችኋል።

ከአሁን በኋላ ረጅም ፎርም ስትሞሉ መሃል ላይ ብሮውዘሩን አትዝጉት፣ የጻፋችሁት ይጠፋል። የማመልከቻ ቁጥራችሁንም ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንሱት። የዚህ ደብዳቤ የአፋን ኦሮሞ ቅጂ ሒሳብ መክፈያው ጋ አለ። ስልካችሁን ይዛችሁ ብትመጡ ቅንብሩን በነፃ አብረን እናስተካክላለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮምፒውተርና የህትመት ቤቱ ባልደረቦች
ጅማ