ቁጭ ብለው ላስረዱን ሁሉ

ይህ የምስጋና መልእክት ነው። ግን ልጅ ወልደን አይደለም። እርጉዝም አይደለሁም። ይህን ቀድሜ የምናገረው «ምስጋና» የሚለውን አይታችሁ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ልትሉ ለተዘጋጃችሁ ወዳጆቻችን ነው። ቆይ፣ አትቸኩሉ። ያለቀው ምርመራው ነው። ለምን እንዳልወለድን ለማወቅ ስንመላለስ ከርመን፣ አሁን ቢያንስ ምን እንዳለብን አውቀናል። ሕክምናው ገና ሊጀመር ነው። ይሳካ አይሳካ ማንም አያውቅም።

ታዲያ ምስጋናው ምን አጣደፈው? ሰው እንዲህ ያለ ነገር የሚጽፈው ልጁን ታቅፎ ነው። እኔ የማመሰግናቸው ሰዎች ግን ያደረጉልኝን አድርገው ጨርሰዋል። የማይገባኝን ነገር አስረድተውኛል። ነገ ሕክምናው ባይሳካ ውለታቸው ሊቀር ነው እንዴ?

በዚህ መንገድ ያላለፈ ሰው ነገሩ እንዲገባው ትንሽ ላውራ። ደም ትሰጫለሽ። ውጤቱ መቼ እንደሚደርስ፣ ማን እንደሚነግርሽ አይነገርሽም። ስትጠይቂ «ዶክተር ያዩታል» ነው መልሱ። ዶክተርም ያዩታል። «ኖርማል ነው» ይሉሻል። ምኑ ነው ኖርማል? ሁሉም ኖርማል ከሆነ ታዲያ ለምንድን ነው የማላረግዘው? ይህን ለመጠየቅ አፍሽን ስትከፍቺ ቀጣዩ ሰው በሩን ገፋ አድርጎ እያየሽ ነው። «ይሄኛውን ደግሞ አሠሪና ተመለሺ» ተብለሽ ሌላ ወረቀት ይዘሽ ትወጫለሽ።

አንድ ቀን አንድ ሐኪም ውጤቶቼን ገለጥ ገለጥ አደረጉና አንዲት ቁጥር ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ አከበቡባት። ከዚያ ከንፈራቸውን መጠጡ። ካርዱን ዘጉና «በሚቀጥለው ቀጠሮ እናወራለን» አሉኝ። ቀጠሮው ሩቅ ነበር። ሐኪም ከንፈር ሲመጥልሽ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት! ከሐኪም አፍ የሚወጣ ማንኛውም ክፉ ቃል ከዚያ ይሻል ነበር። ቢያንስ ቃል ነው፤ ትርጉም አለው።

የመጀመሪያው ምስጋናዬ ኮሪደሩ ላይ አግኝታ ላስቆመችኝ ሲስተር ነው። ፊቴን አይታ «ምን አሉሽ የኔ እህት?» አለችኝ። ወረቀቱን አሳየኋት። የተከበበችው ቁጥር ኤኤምኤች የሚባለው ሆርሞን ነበረች። ሲስተር ግድግዳውን ተደግፋ፣ መድኃኒት የያዘ ትሪዋን በአንድ እጇ እንደያዘች አስረዳችኝ። ይሄ ምርመራ በኦቫሪ ውስጥ ምን ያህል እንቁላል እንደቀረ ግምት ይሰጣል። የእንቁላሉን ጥራት አይናገርም። በተፈጥሮ ትፀንሺያለሽ አትፀንሺም ብሎም አይፈርድም። በዋናነት የሚጠቅመው እንቁላል የሚያበዛ መድኃኒት ብትወስጂ ኦቫሪሽ ምን ያህል እንደሚመልስ ለመገመት ነው። «ዝቅ ማለቱ ጊዜ አታባክኑ ይላል እንጂ አበቃ አይልም» አለችኝ። ትሪዋን አስተካክላ ሄደች። ሐኪሙ ጋ ከተቀመጥኩት ያነሰ ጊዜ ነው የወሰደባት። ከዚያ ቀን በኋላ «ወረፋው ስለሚበዛ ነው የማያስረዱት» የሚለውን ምክንያት በግማሽ ልብ ነው የምሰማው። ወረፋው መብዛቱ እውነት ነው። ሐኪሞቹ ደክሟቸዋል፣ አውቃለሁ። ግን ሲስተርም ደክሟት ነበር።

ሁለተኛው ምስጋና ለላብራቶሪው ባለሙያ ነው። ይህኛው የባለቤቴ ውለታ ነው፣ እሱ ፈቅዶልኝ ነው የምጽፈው። ባለቤቴ የዘር ፈሳሽ ምርመራ ታዞለት ሲመጣ የተነገረው «ናሙና አምጣ» ብቻ ነበር። ላብራቶሪው በር ላይ ግን አንድ ሰው ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሁሉንም ነገረው። ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት መታቀብ እንዳለበት። ናሙናውን ከቤት የሚያመጣ ከሆነ በአንድ ሰዓት ውስጥ መድረስ እንዳለበትና እንዳይቀዘቅዝ ከሰውነቱ አስጠግቶ መያዝ እንዳለበት። ሳያፍር፣ ሳያሳፍር።

ውጤቱ መጥፎ ሆኖ ሲመጣ ባለቤቴ ለብዙ ቀን አልተናገረም። ሐኪሙ «ደካማ ነው» ብለው ነበር፣ አለቀ። ያው የላብራቶሪ ሰው ሲያየው ጠራውና አንድ ጥያቄ ጠየቀው፦ «ወንድሜ፣ በቅርብ ወራት ትኩሳት ይዞህ ነበር?» ይዞት ነበር! ከባድ ትኩሳት፣ አልጋ ላይ ያዋለው። ማንም ጠይቆን አያውቅም፣ እኛም ከዚህ ጋር ይገናኛል ብለን አላሰብንም። ከፍተኛ ትኩሳት የወንድ ዘርን ቁጥርም እንቅስቃሴም ለጊዜው ሊያወርድ ይችላል። አዲስ ዘር ተመርቶ ለመውጣት ሁለት ወር ተኩል ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ በአንድ ናሙና አይፈረድም፣ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ይደገማል።

ሌላም ነገር ነገረው። ወረቀቱ ላይ ያለው መነሻ ቁጥር፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን የወንድ ዘር ነው። ይህ ቁጥር የተገኘው የትዳር አጋሮቻቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ካረገዙላቸው ወንዶች ነው። ከእነዚያ አባቶች ውስጥም ከመቶ አምስቱ ከዚያ በታች ነበሩ። ማለትም ከመስመሩ በታች መሆን አባት አትሆንም ማለት አይደለም። ባለቤቴ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ተመልሶ ነበር። ሲደገም ቁጥሩ ተሻሽሏል። እንቅስቃሴው ግን ዛሬም ዝቅ ያለ ነው። ቢሆንም አሁን የምናወራበት ነገር ነው።

ስለ ባለቤቴ ከተነሳ፣ እሱንም ማመስገን አለብኝ። «እኔ ምን ሆኜ?» ሳይል ነው የተመረመረው። ከወንዱ በኩል ያለ ምክንያት፣ ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደርቦ፣ ግማሽ ገደማ በሚሆኑ ጥንዶች ላይ ይገኛል። ሆኖም ምርመራው ሁሉ በሴቷ ላይ አልቆ እሱ የሚጠራው መጨረሻ ላይ የሆነባቸው ስንት ጥንዶች እንዳሉ በየወረፋው አይቻለሁ። ደግሞ ስለ እኔ ሰውነት እሱን እያዩ የሚያወሩ ሐኪም ነበሩ። ባለቤቴ ወደ እኔ ዞር ብሎ «እሷን ይንገሯት፣ እኔም እሰማለሁ» አላቸው። በትህትና ነበር። ውጤቱ ግን ቶሎ ታየ፣ ወንበራቸውን አዞሩ።

እህቴ። አንቺን በምን ቃል? ታላቅ እህቴ ሐኪም አይደለችም፣ ስለ ሆርሞንም የምታውቀው ነገር የለም። ግን ቀጠሮ ላይ አብራኝ ትገባለች፣ ደብተር ታወጣለች፣ ዶክተሩ የሚሉትን ትጽፋለች። ሰው ሲጽፍ ሐኪም ቀስ ብሎ እንደሚናገር ያወቅኩት ያኔ ነው። ሁልጊዜ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ይቅርታ ዶክተር፣ የዚህ ምርመራ ውጤት ሲመጣ ምን ይለወጣል?» ጥያቄው ቀላል ይመስላል። አንድ ጊዜ ሐኪሙ አሰቡ፣ አሰቡና «እንግዲህ ብዙም አይለወጥም» ብለው ምርመራውን ሰረዙት።

የፕሮጄስትሮንን፣ እንቁላል መለቀቁን የሚያሳየውን ሆርሞን፣ ነገር ያወጣችውም እሷ ናት። «በ21ኛው ቀን ነዪ» ተባልኩ። ሄድኩ። ውጤቱ ዝቅተኛ ሆነና «እንቁላል አትለቂም» ተባልኩ። እንደገና «በ21ኛው ቀን»፣ እንደገና ዝቅተኛ። አለቀስኩ። እህቴ ደብተሯን ገልጣ «የአንቺ ወር አበባ እኮ በ35 ቀን ነው የሚመጣው፤ ይህን ነግረሻቸዋል ወይ?» አለችኝ። ካርዱ ላይ ተጽፏል፣ ያነበበው የለም እንጂ። ደሙ የሚወሰደው የሚቀጥለው ወር አበባ ከመምጣቱ 7 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ነው። 28 ቀን ለሚቆይ ዑደት 21ኛው ቀን ልክ ነው። ለ35 ቀን ግን 28ኛው ቀን ነው። በ21ኛው ቀን የእኔ እንቁላል ገና መለቀቋ ነበር። ትክክለኛው ቀን ላይ ሲለካ ውጤቱ ሌላ ሆነ። እንቁላል እለቃለሁ፤ ቀኑ እየተዛባ፣ አንዳንዴም እየዘለለ ነው እንጂ። ለዚያ ሁሉ ዕንባ እስከ ዛሬ ይቅርታ የጠየቀኝ የለም። እህቴ ግን አለች።

ራጅ ክፍል ለምትሠራዋ ወጣትም ምስጋና አለኝ። የማህፀን ቱቦ ክፍት መሆኑን ለማየት በማህፀን በር በኩል በራጅ የሚታይ ፈሳሽ ይሰጣል። ወር አበባ ካቆመ በኋላ፣ እንቁላል ከመለቀቁ በፊት ነው የሚሠራው። ያዘዘኝ ሰው ስለ ሕመሙ ትንፍሽ አላለም፤ ቀደም ብዬ ማስታገሻ መውሰድ እንደምችልም አልነገረኝም። እሷ ግን እያንዳንዱን ነገር ከመደረጉ በፊት ነገረችኝ። «አሁን ይቀዘቅዝሻል።» ቀዘቀዘኝ። «አሁን እንደ ወር አበባ ቁርጠት ይይዝሻል፣ ጠንከር ይላል፣ ግን አጭር ነው። እጄን ያዢው።» ያዝኩት፤ ሳልሰብራት አልቀረሁም። «ጨረስን።» ሕመሙ አልቀነሰም። ግን የማውቀው ሕመም ሆነ። ይህን ልዩነት ማንም በመድኃኒት አይሰጥም።

ወንበሯን ስባ ከፊታችን ለተቀመጠችው ሐኪም ደግሞ ብዙ ባወራ ደስ ይለኛል፣ ግን ማሳጠር ይሻላል። ዶክተር፣ የመጀመሪያ ጥያቄዎ «እስካሁን ምን ተብላችኋል?» የሚል ነበር። እኛ ያን ሁሉ ስንዘረግፍ አላቋረጡንም። ወረቀቶቹን በየቀናቸው ደረደሯቸው። ባዶ ወረቀት ላይ ማህፀን ሳሉልን (ስዕልዎ አያምርም ዶክተር፣ ይቅርታ)። «የግራው ቱቦ ክፍት ነው። ቀኙ ላይ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ፈሳሹ መግቢያው ላይ የቆመው ጡንቻው ተኮማትሮም ሊሆን ይችላል» አሉን። ሐኪም «እርግጠኛ አይደለሁም» ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር። እፈራለሁ ብዬ ነበር፣ ግን አመንኩዎት። ከዚያ ዕቅዱን ነገሩን፦ መጀመሪያ እንቁላል የሚያበስል እንክብል፣ በአልትራሳውንድ ክትትል። ካልሆነ ቀጥሎ ምን እንደሆነ። የት ላይ ቆመን እንደገና ቁጭ ብለን እንደምንነጋገርም። ስንወጣ «ጥያቄ ቀርቷችኋል?» አሉ። እህቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ደብተሯን ዘጋች።

«ምን ደረሳችሁ?» እያላችሁ ላልጠየቃችሁን ወዳጆች፣ አይተን ነበር። እናመሰግናለን። በየወረፋው ቁጭ ብለው ታሪካቸውን ላካፈሉን ሴቶችም እንዲሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ሪፖርት ከ6 ሰዎች አንዱ በሕይወት ዘመኑ ይህ ችግር ይገጥመዋል ይላል። ያም ሆኖ ወረፋ ላይ እስክንቀመጥ ድረስ እኛ ብቻ ነበር የሚመስለን።

ልረሳት የነበረች አንዲት ሴት ቀረች። ካርድ ክፍል ነው የምትሠራው። ውጤት ስጠብቅ ስልክ ቁጥሬን ተቀብላ «ሲደርስ እደውላለሁ» አለችኝ። እንዲህ ያለኝ ብዙ ነው፤ የደወለ አልነበረም። በማግስቱ ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። እሷ ናት። «ውጤትሽ ዛሬም አልደረሰም፤ እንዳትጠብቂ ብዬ ነው። ነገ ከሰዓት ይደርሳል ብለውኛል፣ እደውላለሁ» አለችኝ። «ገና ነው» ተብሎ እንዲህ የተደሰተ ሰው ካለ እኔ ነኝ። በነጋታውም ደወለች። እህት ዓለም፣ ስምሽን እንኳን አልጠየቅኩሽም፤ በሚቀጥለው ስመጣ መስኮትሽ ጋ ብቅ እላለሁ።