ደብዳቤ ለልጄ፦ ለመጀመሪያው ጉዟችሁ ስለምትገዢው የሕፃን ጋሪ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለአንቺ፣ ለባለቤትሽና ለትንሹ የልጅ ልጄ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የመጀመሪያውን የቤተሰብ የዕረፍት ጉዞ ለማድረግ መወሰናችሁን በነገርሽኝ ጊዜ ስለ በረራውም ስለ ማረፊያውም በዝርዝር ተነጋግረን ሳለ፣ የጋሪውን ነገር ግን «ቀለል ያለ አንድ እገዛለሁ» ብለሽ አለፍሽው። ጉዳዩ እንዲህ በአጭሩ የሚታለፍ ስላልመሰለኝ፣ በስልክ ጀምሬው ልጁ ሲያለቅስ ከሚቋረጥብኝ ይልቅ ተረጋግቼ ልጽፍልሽ መረጥሁ። ቤት ያለው ትልቁ ጋሪ ለጉዞ እንደማይመች ሁለታችንም እናውቃለን። የምንለያየው ሻጮች ከሁሉ አስቀድመው በሚጠሩት የኪሎ ቁጥር ላይ ምን ያህል መተማመን ይገባል በሚለው ሲሆን፣ እኔ እጅግ በጥቂቱ ብቻ ነው እላለሁ።

ምክንያቴን ላስረዳሽ። ሁሉ ነገር የተሟላለት የዘወትር ጋሪ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ለጉዞ ተብለው የሚሠሩት ደግሞ በአብዛኛው ከ4 እስከ 8 ኪሎ ናቸው። ከ13 ኪሎ ወደ 6 ኪሎ መውረድ ትልቅ እፎይታ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ምርጫሽ በ5 ኪሎውና በ7 ኪሎው መካከል ሲሆን፣ ያ የ2 ኪሎ ልዩነት ጋሪው በጎማው ሲሄድ ጨርሶ አይታወቅሽም፤ በዓለም ጤና ድርጅት የዕድገት ሠንጠረዥ የ18 ወር ወንድ ልጅ መካከለኛ ክብደት 10.9 ኪሎ ስለሆነ፣ ከጋሪው ይበልጥ የምትገፊው ልጅሽን ነው። ልዩነቱ የሚሰማሽ ጋሪው ታጥፎ ክንድሽ ላይ ሲንጠለጠል፣ ማለትም በደረጃ፣ በአውቶቡስ በር፣ በአውሮፕላኑ ጠባብ መተላለፊያ ላይ ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ከክብደቱ በላይ የሚወስነው አያያዙ ነው። የትከሻ ማንገቻ ያለው፣ ሲታጠፍ ራሱን የሚቆልፍና ያለ ድጋፍ የሚቆም የ7 ኪሎ ጋሪ፣ መያዣ ከሌለውና በየእርምጃው እየተከፈተ እግርሽን ከሚመታ የ5 ኪሎ ጋሪ ያነሰ ያደክማል።

የታጣፊው ጋሪ ታሪክ ራሱ ከዚህ ችግር የተነሣ ነው። እንግሊዛዊው ኦወን ማክላረን የአውሮፕላን መሐንዲስ ሲሆን፣ በስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላን ማረፊያ እግር ንድፍ ላይ የሠራ ሰው ነበር። ልጁ የልጅ ልጁን ይዛ ስትጓዝ ከከባድ ጋሪ ጋር መታገሏን አይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ከአሉሚኒየም ቱቦ የተሠራ፣ እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍና 3 ኪሎ እንኳ የማይሞላ ጋሪ ነደፈ። (አባት ለልጁ ስለ ጋሪ ማሰቡ ከእኔ እንዳልተጀመረ በዚህ ተረጂልኝ።) የዚያ ጋሪ ዘሮች ዛሬም ይሸጣሉ፤ ሲታጠፉ ቀጭን፣ ነገር ግን ቁመታቸው ወደ 1 ሜትር የሚጠጋ ወይም ከዚያ የሚያልፍ ነው። ለመኪና ይመቻሉ፤ ዋጋቸውም ብዙውን ጊዜ ዝቅ ያለ ነው። ሁለት የተለያዩ እጀታዎች ስላሏቸው ግን በአንድ እጅ ሲገፉ ወደ ጎን ይሄዳሉ፤ ሌላው እጅሽ ሻንጣ በሚጎትትበት ጉዞ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። ሁለተኛው ዓይነት ተጣጥፎ አነስተኛ የእጅ ሻንጣ የሚያክለውና እጀታው አንድ ወጥ ዘንግ የሆነው ነው። ለእናንተ ጉዞ የምመርጠው ይህኛውን ነው።

ስለዚህኛው ዓይነት ሻጮች «አውሮፕላን ውስጥ ከራስ በላይ ባለው የሻንጣ ማስቀመጫ ይገባል» ይላሉ። ንግግራቸው ሐሰት ባይሆንም ሙሉ አይደለም። ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር፣ አያታ፣ ለእጅ ሻንጣ እንደ መነሻ የሚጠቅሰው መጠን 56 በ45 በ25 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ብዙ ወላጆች የሚያውቁት ቤቢዜን ዮዮ ሲታጠፍ 52 በ44 በ18 ስለሆነ በዚህ ልክ ውስጥ ያልፋል። ሆኖም ይህ መጠን መመሪያ እንጂ ሁሉንም የሚያስገድድ ሕግ አይደለም። አየር መንገዶች የየራሳቸውን ልክ ያወጣሉ፤ ከመካከላቸው ስፋቱን በ40 ሳንቲ ሜትር ወይም ከዚያ ባነሰ የሚወስኑ ስላሉ፣ ያው 44 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጋሪ በአንዱ በረራ ገብቶ በሌላው ሊከለከል ይችላል። ልኩ ቢገጥም እንኳ በረራው ሞልቶ ማስቀመጫው ቦታ ካጣ የመጨረሻው ቃል የአውሮፕላኑ ሠራተኞች ነው። ስለዚህ ጋሪው አብሯችሁ ቢገባ ደስ ይበላችሁ፤ ባይገባ የሚበላሽ ዕቅድ ግን አይኑራችሁ።

ካልገባ የሚሆነውን አስቀድመሽ ጠይቂ። አብዛኞቹ አየር መንገዶች የሕፃን ጋሪን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይቀበላሉ፤ ብዙዎቹም እስከ መሳፈሪያው በር ድረስ እየገፋችሁ ሄዳችሁ እዚያ እንድታስረክቡ ይፈቅዳሉ። የሚለያዩት ጋሪውን መልሰው በሚሰጡበት ቦታ ላይ ነው። አንዳንድ ጊዜ ጋሪው ከአውሮፕላኑ ስትወርዱ በሩ ላይ ይጠብቃችኋል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ከሌሎች ሻንጣዎች ጋር በመጨረሻው መዳረሻ ብቻ ይወጣል። ልጁ 2 ዓመት ስላልሞላው የራሱ መቀመጫ ካልገዛችሁለት በጭናችሁ ላይ ተቀምጦ ነው የሚበረው፤ ክንዳችሁ ከዛለ በኋላ በትራንዚት አዳራሽ ለሰዓታት ያለ ጋሪ መቆየት ምን ማለት እንደሆነ አንቺው ገምቺ። ጥያቄሽን በጽሑፍ አቅርበሽ መልሱን በጽሑፍ ብትቀበዪ ደግሞ በመሳፈሪያው በር ከሚገጥምሽ ሠራተኛ ጋር ከመከራከር ትድኛለሽ። ጋሪውን ስታስረክቢ መሸፈኛ ከረጢት ውስጥ ይግባ፤ ከዚያ በፊት ፎቶግራፍ አንሺው። እ.ኤ.አ. የ1999 የሞንትሪያል ስምምነት በሚገዛቸው ዓለም አቀፍ በረራዎች፣ አየር መንገዱ በተረከበው ሻንጣ ላይ ለደረሰ ጉዳት የጽሑፍ አቤቱታ ዕቃው በእጅ ከገባበት ቀን ጀምሮ በ7 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን ከሻንጣ መረከቢያው አዳራሽ ሳይወጡ ማስመዝገብ ነው።

አሁን ከሁሉ አብልጬ ወደምመለከተው ወደ ማጠፊያው ልምጣ። በአንድ የጉዞ ቀን ጋሪው የሚታጠፍበት ጊዜ ከምታስቢው ይበዛል። በፍተሻ ቦታ ልጁ መውረድ፣ ቅርጫቱ ባዶ መሆንና ጋሪው ታጥፎ በኤክስሬይ ማሽኑ ማለፍ አለበት፤ በመሳፈሪያው በር እንደገና፣ ከዚያም በታክሲ፣ በማረፊያው ደረጃ፣ በምግብ ቤት ጠባብ መቀመጫ መካከል። በእነዚህ ጊዜያት ባለቤትሽ አጠገብሽ ይኖራል ብለሽ አታስቢ፤ እሱ ፓስፖርት እያሳየ ወይም ሻንጣ እያወረደ ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ ሱቅ ስትሄዱ ልጁን ይዛችሁት ሂዱ፤ በግራ ክንድሽ አቅፈሽው፣ በቀኝ እጅሽ ብቻ፣ ሻጩ ሳያግዝሽ ጋሪውን አጥፊና ዘርጊ። ሻጩ ባዶ እጁን በለሰለሰ ወለል ላይ ቆሞ የሚያሳየው ትዕይንት ምንም አያስረዳሽም። ለማጠፍ ጎንበስ ማለት የሚጠይቅ፣ ሁለት ቁልፍ በአንድ ጊዜ የሚያስጫን፣ ወይም አስቀድሞ የጀርባ መደገፊያው እንዲስተካከል የሚፈልግ ከሆነ፣ ኪሎው ምንም ያህል ቢያንስ ተዪው።

ስለ ማጠፊያው ሌላ የምለው አለኝ፤ ይህኛው የደኅንነት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የማክላረንን ስም የያዘው ኩባንያ አሜሪካ ውስጥ ተሽጠው የነበሩ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ ጋሪዎችን በሚመለከት ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ለባለቤቶቹ የማጠፊያ መሸፈኛ ለማደል ተገዷል፤ ምክንያቱም ጋሪው በሚዘረጋበት ወይም በሚታጠፍበት ጊዜ የልጆች ጣት ጫፍ በማጠፊያው ተይዞ የተቆረጠባቸው 12 አደጋዎች ሪፖርት ተደርገው ስለነበር ነው። ጋሪ ባነሰ ቦታ እንዲታጠፍ ሲፈለግ መገጣጠሚያዎቹ ይበዛሉ፤ በየመገጣጠሚያው ደግሞ የሚቆነጥጥ ክፍተት ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ማጠፊያዎቹ የተሸፈኑ መሆናቸውን በእጅሽ ዳስሰሽ አረጋግጪ፤ ስትዘረጊውም ስታጥፊውም ልጁ በአንቺ ክንድ ወይም ከጋሪው ራቅ ብሎ ይሁን እንጂ ብረቱን ይዞ አጠገቡ አይቁም። በዚህ ዕድሜው ማገዝ እንደሚወድ አውቃለሁና ነው የማስጠነቅቅሽ።

ትንሽነትን ብቻ መፈለግ የሚያስከፍለው ሌላው ዋጋ እንቅልፍ ነው። ጂቢ ፖኪት የተባለው ጋሪ ታጥፎ በሚይዘው ቦታ ትንሽነት እ.ኤ.አ. በ2014 በጊነስ መዝገብ ተመዝግቧል፤ በእጅ ቦርሳ ልክ የሚታጠፍ አስደናቂ ሥራ ነው። የመጀመሪያው ሞዴል ግን የጀርባ መደገፊያው ወደ ኋላ የሚጋደም አልነበረም። ከቤት ርቆ፣ ሰዓቱ ተዛብቶ፣ የቀን እንቅልፉን በጋሪ ላይ ለሚተኛ የአንድ ዓመት ተኩል ልጅ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፤ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ አንቀላፍቶ አንገቱ ወደ ፊት ሲወድቅ ይነቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ከሰዓት በኋላ አልነግርሽም። እኔ ብሆን 1 ኪሎ ጨምሬ የሚጋደም መደገፊያ፣ የእግር ማሳረፊያና እስከ ደረቱ የሚወርድ ሰፊ ጥላ ያለውን እወስዳለሁ። ከጥላው በስተኋላ መረብ ያለው የአየር መውጫ ቢኖር ደግሞ እጅግ መልካም ነው። ፀሐይ ለመከላከል በጋሪው ላይ ጨርቅ ወይም ብርድ ልብስ መጣልን ግን ፈጽሞ አትልመጂ፤ ጨርቁ ስስ ቢሆን እንኳ አየር እንዳይዘዋወር ስለሚያደርግ ውስጡ በአጭር ጊዜ ይግላል፤ ልጁንም ከዓይንሽ ይሰውረዋል።

ቀበቶው በሁለቱ ትከሻ፣ በወገብ ግራና ቀኝ እና በእግሮቹ መካከል የሚያልፍ፣ አምስት ቦታ የሚይዝ ይሁን፤ ወገብ ብቻ የሚያስረውን የዚህ ዕድሜ ልጅ ሾልኮ ይወጣበታል። የሚችለውን የክብደት ልክም አንብቢ። ኢኤን 1888 የተባለው የአውሮፓ መስፈርት አንደኛው ክፍሉ እስከ 15 ኪሎ ለሚመዝኑ ልጆች፣ ሁለተኛው ደግሞ ከ15 እስከ 22 ኪሎ ለሚደርሱት የተዘጋጀ ነው። ልጅሽ 15 ኪሎ ለመድረስ ጊዜ አለው፤ ነገር ግን ጋሪውን ከዚህ ጉዞ በኋላም ለዓመታት ልትጠቀሚበት ካሰብሽ 22 ኪሎ የሚችለው ይሻላል። ይህ ልክ የልጁን ክብደት እንጂ እጀታው ላይ የምታንጠለጥዪውን ቦርሳ አይመለከትም። ቀላል ጋሪ ላይ ከኋላ ከባድ ቦርሳ ከተሰቀለ፣ ልጁ የወረደ ዕለት ጋሪው፣ ልጁ ያለ ዕለት ደግሞ ጋሪው ከነልጁ ወደ ኋላ ሊገለበጥ ይችላል፤ ቦርሳሽን በጀርባሽ ያዢ።

ጎማን በተመለከተ ብዙ አልጠብቅም፤ አንቺም አትጠብቂ። የጉዞ ጋሪ ጎማ ትንሽና ጠጣር ስለሆነ በለሰለሰ ወለል ላይ ይፈስሳል፤ በድንጋይ ንጣፍ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ በአሸዋ ላይ ግን ይቆማል። የምትሄዱት ወደ ባሕር ዳርቻ ከሆነ ልጁን በትከሻና በወገብ የሚታሰር ማዘያ ጨምሩ፤ ለእነዚያ ጥቂት መቶ ሜትሮች ሲባል ትልቅ ጎማ ያለው ከባድ ጋሪ ይዞ መብረር ትርፍ ድካም ነው። የፊት ጎማዎቹ የሚሽከረከሩና ሲያስፈልግ የሚቆለፉ መሆናቸውን፣ ፍሬኑም በአንድ የእግር ግፊት ሁለቱን የኋላ ጎማዎች መያዙን ካየሽ ይበቃል።

የጽዋ ማስቀመጫውን፣ የስልክ መስቀያውንና የቀለም ምርጫውን ለእናንተ ትቻለሁ፤ ፀሐይ ወደሚበረታበት ቦታ ስለምትሄዱ ጥቁር ባይሆን እመርጣለሁ፤ ከዚያ ያለፈ አልናገርም። በጋሪው ላይ የሚሰካ ባትሪ ያለው ትንሽ ማራገቢያ ከገዛችሁ ግን ጋሪውን ከማስረከባችሁ በፊት ነቅላችሁ አብራችሁ አውሮፕላኑ ውስጥ አስገቡት፤ መለዋወጫ የሊቲየም ባትሪ ካለውም አብሮት ይግባ፤ እንዲህ ያለው ባትሪ አየር መንገዱ በሚረከበው ሻንጣ ውስጥ መግባት አይፈቀድለትም። ደግሞም ጋሪው በመኪና ውስጥ የልጅ መቀመጫን እንደማይተካ አትርሺ፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው የሚወስዳችሁ መኪና የልጅ መቀመጫ እንዲኖረው አሁኑኑ ጠይቂ።

ግዢውን ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዪው። ልጁ ቀድሞ ለምዶት በላዩ እንቅልፍ ቢወስደው፣ እናንተም ማጠፊያውን ሳታዩ በእጃችሁ ብቻ ብታውቁት መልካም ነው፤ ያልተመቸ ነገር ቢኖረውም ለመመለስ ጊዜ ታገኛላችሁ። የወደድሽውን ስታገኚ ታጥፎ ያለውን ርዝመት፣ ስፋትና ውፍረት ከወረቀቱ ሳይሆን በሜትር ለክተሽ፣ አየር መንገዱ ከሰጠሽ መልስ ጋር አድርገሽ ጻፊልኝ፤ የማየው ከመክፈልሽ በፊት ይሁን።

አባትሽ