የሁለት ቀን ጉዞ ከፍለን ያገኘነው አንድ ሌሊት

ለ፦ ጉዞውን ላዘጋጀው ድርጅት የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
ጉዳዩ፦ ወደ ተራራዋ ከተማ በተደረገው የቅዳሜና እሁድ ጉዞ ላይ ቅሬታ ማቅረብን ይመለከታል

እኔና የ68 ዓመቷ እናቴ በበዓሉ ቅዳሜና እሁድ ባዘጋጃችሁት የሁለት ቀን ጉዞ ከተሳፈሩት መንገደኞች መካከል ነበርን። ሙሉ ክፍያውን የፈጸምነው ከጉዞው አምስት ሳምንት ቀደም ብለን ነው። ደረሰኙንና ያኔ የሰጣችሁንን የጉዞ መርሐ ግብር ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ከተመለስን አሥር ቀን ሆኖናል። እስከ ዛሬ ሳልጽፍ የቆየሁት በንዴት ጽፌ ያልተገባ ቃል እንዳይወጣኝ ብዬ ነው። አሁን ንዴቱ በርዶልኛል፤ ቅሬታው ግን እንዳለ ነው።

በመርሐ ግብሩ መሠረት ቅዳሜ ከጧቱ 1 ሰዓት ተነስተን 6 ሰዓት ላይ እንደርሳለን፤ 9 ሰዓት ላይ በገመድ ተንጠልጥሎ በሚወጣው የኬብል መኪና ወደ መመልከቻው አፋፍ እንወጣለን፤ እሁድ ጧት ከተማዋን ጎብኝተን 9 ሰዓት ላይ እንመለሳለን። ይህ ማለት ከተማዋ ውስጥ 27 ሰዓት እንቆያለን ማለት ነበር። የደረስነው ግን ቅዳሜ 10፡40 ሲሆን፣ እሁድ ልክ 6 ሰዓት ላይ ከተማዋን ለቀን ወጣን። በመካከሉ ያለው 19 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው፤ አብዛኛው ደግሞ ሌሊት ነው። ረጅም ዕረፍት ላለው ሰው የጎደለው ሰባት ሰዓት ከ40 ደቂቃ ብዙ ላይሆን ይችላል። እኔ የፈረቃ ሠራተኛ ነኝ፤ ሁለት ቀን ተከታታይ ዕረፍት የማገኘው ከስንት አንዴ ነው። እናንተም ጉዞውን ያስተዋወቃችሁት “ጊዜ ለሌላቸው” ብላችሁ ነው። ጊዜ ለሌለው ሰው የተዘጋጀ ጉዞ ከምንም በላይ ሊጠነቀቅለት የሚገባው ለዚያች ለጥቂቷ ሰዓት ነበር።

የተራራው ግርጌ የደረስነው 6 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የቀረን 18 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆንም እሱን ለመውጣት አራት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ፈጀብን። ወደ ከተማዋ የሚያስገባው መንገድ አንድ ነው፤ ጥምዝምዞቹ ላይ ሁለት ትልልቅ አውቶቡሶች ጎን ለጎን ስለማይተላለፉ አንዱ እስኪያልፍ ሌላው መቆም አለበት። ዋናው ችግር ግን ላይኛው ጫፍ ላይ ነበር። የከተማዋ መኪና ማቆሚያዎች ሞልተው ስለነበር፣ ቦታ ያጣው ሁሉ እየዞረ መግቢያውን ይዘጋል፤ መግቢያው ሲዘጋ ሰልፉ እስከ ግርጌው ይወርዳል። በእነዚያ አራት ሰዓታት አንድም ጊዜ መንገደኛ እንዲወርድ አልተደረገም፤ መንገዱም ዳር የለውም። እናቴ መጸዳጃ ቤት እንዳያስቸግራት ብላ ውሃ መጠጣት አቆመች። ይህን የማነሳው በኋላ ለደረሰው ነገር ምክንያት ስለሆነ ነው።

ለሾፌሩ ምስጋና ማቅረብ እፈልጋለሁ። ከኋላው ስንቱ ጡሩንባ ሲያስጮህበት ጥምዝ ላይ ቀድሞ ለማለፍ አልሞከረም። ስንመለስም ቁልቁለቱን ከላይ እስከ ታች በከባድ ማርሽ ነው የወረደው፤ ፍሬኑ እንዳይግል የሚያደርገውም ይኸው ነው። በሰላም የገባነው በእሱ ጥንቃቄ ነው። ቅሬታዬ እሱን ፈጽሞ አይመለከትም።

የሚመለከተው መርሐ ግብሩን ያወጣውን ክፍል ነው። አስጎብኚያችሁን “ይህ ያልታሰበ ነገር ነው?” ብዬ ስጠይቀው “በዓል ሲሆን ሁሌም እንዲህ ነው” ሲል መለሰልኝ። ይህን የሰሙ ብዙ ተሳፋሪዎች አሉ። ሁሌም እንዲህ ከሆነ ታዲያ 6 ሰዓት ላይ እንደምንደርስ የጻፈው ሰው ምን አስቦ ነው? የሆቴሉ ሠራተኛ እንደነገረን፣ አርብ ከሰዓት በኋላ ተነስተው ማታ የሚገቡ ቡድኖች ሰልፉ ሳያገኛቸው ይደርሳሉ። እኛም ብንጠየቅ አርብ ማታ ለመጓዝ ፈቃደኞች ነበርን። የጠየቀን የለም።

የተራራ ከተሞች መጨናነቅ እናንተ ጋ ብቻ ያለ ችግር እንዳልሆነ አውቃለሁ። በስዊዘርላንድ ወደ ዜርማት የሚሄድ ጎብኚ መኪናውን አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ወደኋላ፣ ቴሽ የምትባል መንደር አቁሞ የቀረውን መንገድ በባቡር ይጨርሳል። በኦስትሪያ ሐልሽታት ደግሞ ከ2020 ጀምሮ የጎብኚ አውቶቡስ የሚገባው አስቀድሞ በያዘው ሰዓት ነው። በፔሩ ወዳለው የጥንት ከተማ ፍርስራሽ፣ ወደ ማቹ ፒቹም ቢሆን የመግቢያ ሰዓት ያልተጻፈበት ትኬት አይሸጥም። እነዚህን የማነሳው መንገዱን እንድታሰፉ ለመጠየቅ አይደለም፤ ያ የእናንተ ሥራ አይደለም። የእናንተ ሥራ የመነሻ ሰዓትን ማስተካከልና ቦታ አስቀድሞ ማስያዝ ነው። ሁለቱም አልተደረጉም።

የኬብል መኪናው ጉዳይ ይህን በግልጽ ያሳያል። መርሐ ግብሩ ላይ “በክፍያው የተካተተ” ተብሎ ተጽፏል። ቅዳሜ ስላመለጠን ለእሁድ ጧት ተላለፈ። እሁድ 2 ሰዓት ላይ ቦታው ስንደርስ ግን በእኛ ስም የተያዘ ትኬት እንደሌለ ተነገረን፤ እንደማንኛውም ሰው መሰለፍ ነበረብን። ወረፋው ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጅቶ ሊደርሰን ጥቂት ሰዎች ሲቀሩ ጫፉ በደመና ተሸፈነና የኬብል መኪናው ቆመ።

ጸሐይ ቁልቁለቱን ስታሞቀው ከሸለቆው እርጥብ አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ከፍ ሲል ይቀዘቅዝና ደመና ይሆናል። ብዙ ተራራ ላይ ጧት የጠራው ጫፍ ከቀትር በፊት የሚሸፈነው በዚህ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ያለ ድርጅት ይህን ከእኔ በተሻለ ሊያውቀው ይገባል። ሆኖም የመጀመሪያው ዕቅድ ራሱ ወደ አፋፉ የሚያወጣን ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ነበር። መንገዱ ክፍት ሆኖልን በሰዓቱ ብንደርስ እንኳ ምናልባት የምናየው ጉም ነበር። ሁለት ቀን ለሚቆይ መንገደኛ ተራራውን የሚያይበት ጧት አንድ ብቻ ነው፤ ያቺን አንድ ጧት በትኬት ወረፋ ጨረስናት።

ክፍሉን በተመለከተ ብዙ አልልም። “ተራራውን የሚያይ ክፍል” ተብሎ ተጨማሪ የተከፈለበት ነው። የተሰጠን ግን አውቶቡሶች ሞተር ሳያጠፉ የሚቆሙበትን ግቢ የሚያይ ክፍል ሆነ፤ ያንንም ያገኘነው ከአንድ ሰዓት በላይ እንግዳ መቀበያው ላይ ከቆየን በኋላ ነው። ማሞቂያው አይሠራም። የላካችሁልን የጓዝ ዝርዝር “ቀለል ያለ ልብስና ምቹ ጫማ” ይላል። የተነሳነው ከባሕር ጠለል በላይ 400 ሜትር ገደማ ከሆነ ቦታ ሲሆን ከተማዋ 2,850 ሜትር ላይ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይወርዳልና፣ ቤታችንና ሆቴሉ መካከል 16 ዲግሪ ያህል ልዩነት ይኖራል ማለት ነው። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው ቆላ ነው። ዝርዝራችሁን አምና አንድ ስስ ሹራብ ብቻ ይዛ መጣች።

ደብዳቤውን እንድጽፍ ያስገደደኝ ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ሌሊት 6 ሰዓት ገደማ እናቴን ራስ ምታት ያዛት፤ ቀጥሎ አስመለሳት፤ እስኪነጋም እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። አስጎብኚውን ቀስቅሼ ስነግረው “መንገዱ ነው፣ ትተኛና ይሻላታል” አለኝና በሩን ዘጋ። ክፋት ነበረው አልልም፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቀም። ያወቀችው አጠገባችን ያደረች ነርስ ነች። የከፍታ ሕመም ሊሆን ይችላል ብላ እሷው ክሊኒክ አደረሰችን። የክሊኒኩ ሐኪምም ያንኑ አረጋገጠ፤ ቀኑን ሙሉ ውሃ አለመጠጣቷም ራስ ምታቱን እንዳባባሰው ነገረን። እንድታርፍ፣ እንድትጠጣ፣ ካልተሻላት ግን ሳንዘገይ ወደ ታች እንድናወርዳት አዘዘ። ወደ ንጋት ላይ ተሻላት፤ ተመስገን። ወረፋው ላይ የተገኘነውም እሷው “ሳላየው አልመለስም” ስላለች ነው።

ከፍታ ላይም ቢሆን ከአየሩ ውስጥ የኦክስጅን ድርሻ ያው 21 በመቶ ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው፤ 3,000 ሜትር አካባቢ በባሕር ጠለል ካለው ወደ 70 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ሰውነት ይህን የሚለምደው ቀስ እያለ ነው። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ተጓዦችን የሚመክረው ከዝቅተኛ ቦታ ተነስተው በአንድ ቀን ከ2,750 ሜትር በላይ ወጥተው እንዳያድሩ ነው። የእናንተ ጉዞ በትክክል ይህንኑ ያደርጋል። አትሂዱ አልልም፤ ብዙ ሰው ሄዶ ደኅና ይመለሳል። ነገር ግን በአራት ገጽ መርሐ ግብር ውስጥ የከተማዋ ከፍታ አንድም ቦታ አልተጻፈም። ቢጻፍ ኖሮ ከመነሳታችን በፊት የእናቴን ሐኪም አማክር ነበር።

እሁድ 5 ሰዓት ተኩል ላይ አውቶቡሱ ውስጥ ተሰበሰብን። አስጎብኚው ድምፅ ማጉያውን ይዞ “አንድ ታማሚ እናት ስላሉን፣ ይቅርታ አድርጉልንና መነሻችን ከ9 ሰዓት ወደ 6 ሰዓት ተዛውሯል” አለ። ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። እናቴ ቀና ማለት አቃታት። ከዚያም ከመቀመጫዋ ተነስታ፣ አንድ በአንድ እያየች፣ ሁሉንም ይቅርታ ጠየቀች።

ምክንያቱ እሷ አልነበረችም። ሾፌሩ የመልሱን ሰልፍ ለማምለጥ 6 ሰዓት ላይ እንደምንወጣ ለአስጎብኚው የነገረው ቅዳሜ ማታ፣ ጓዝ ስናወርድ ነው። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ሰምቻለሁ። ያኔ እናቴ በእግሯ ቆማ ሻንጣዋን ትጠብቅ ነበር፤ አንዳች ሕመም አልነበረባትም። ድርጅታችሁ ያጠፋው የሰዓት ስሌት በአንዲት አሮጊት ላይ ተላከከ። አውቶቡሱ ውስጥ ወዲያው ተነስቼ እውነቱን አለመናገሬ እስካሁን ይከነክነኛል፤ ያኔ የእሷን እጅ ይዤ ነበር፤ ሌላ ነገር አልታየኝም።

ስለዚህ የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። በክፍያው ተካቶ ያላገኘነው የኬብል መኪናና የእሁዱ የከተማ ጉብኝት ሙሉ ዋጋ፣ እንዲሁም በክፍሉ ዓይነት ላይ ያለው ልዩነት እንዲመለስልን እጠይቃለሁ። ለጠፋብን ጊዜ የገንዘብ ካሳ አልጠይቅም፤ ይልቅ በበዓል ሰሞን የምትሸጡት ጉዞ አርብ ከሰዓት የሚነሳ እንዲሆን፣ ይህ ካልተቻለ እውነተኛው የመድረሻ ሰዓት እንዲጻፍበት እፈልጋለሁ። የከተማዋ ከፍታና የሌሊቱ ብርድ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይስፈር። አስጎብኚዎቻችሁም የከፍታ ሕመም ምልክቶችን ይማሩ፤ የግማሽ ቀን ትምህርት ይበቃዋል። በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ ካላገኘሁ ጉዳዩን ለሸማቾች ጥበቃ አቀርባለሁ።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። እናቴ እስከ ዛሬ የሰው ሁሉ ጉዞ የተበላሸው በእሷ ሕመም ይመስላታል። እኔ አይደለም ብላት አታምነኝም፤ ልጇ ስለሆንኩ ላጽናናት የምል ይመስላታል። ከእናንተ መካከል ኃላፊነት ያለው ሰው ስልክ ደውሎላት መነሻው የተቀየረው በመንገዱ ምክንያት እንደሆነ ይንገራት። ስልኳ ጉዞውን ስናስይዝ በሞላነው ቅጽ ላይ ሁለተኛው ቁጥር ነው። ከሰዓት በኋላ ቤት ትገኛለች።

ከሰላምታ ጋር
የ9 ቁጥር ወንበር ተሳፋሪ