እማዬ፣ ልጁን ወላጆቹ ይዘውልኝ ይምጡ

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ይህን ብርድ እንዴት ቻለው? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የላክሽው ሽሮና በርበሬ ደርሶኛል።

ደብዳቤውን ለምታነቢላት ለእህቴ ልጅ፦ ቀስ ብለሽ አንብቢላት። ያልገባት ካለ ድገሚላት።

እማዬ፣ ባለፈው ስለ ጎረቤታችን ልጅ እየነገርሽኝ ስልኩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ብደውል ብደውል አልገባ አለኝ። ከተኩሱ ሰሞን ጀምሮ ሌሊት እንደሚሸና፣ በጎቹን ሜዳ ላይ ትቶ እየሮጠ ቤት እንደሚገባ፣ አባቱ እንደሚገርፈው፣ እናቱም "ለክፎት ነው" እንደምትል ነገርሽኝ። አንቺ ደግሞ "ግን ጨዋ ልጅ ነው፣ ድምፁ አይሰማም፣ ያልፍለታል" አልሽ። እሷ ቃልሽ እንቅልፍ ነሳችኝ። የምጽፍልሽም ለዚሁ ነው።

ሁልጊዜ "ለመሆኑ ሥራሽ ምንድን ነው? መርፌ አትወጊ፣ ክኒን አትሰጪ" ትዪኛለሽ። የአእምሮ ሕክምና ሲባል ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ነው። "አማኑኤል ገባ" ከተባለ ለብዙ ሰው አበቃለት ማለት ነው። እኔ ጋ የሚመጡት ግን እንደ ጎረቤታችን ልጅ ያሉ ናቸው። ከጮቄ ሥር፣ ከቢቸና፣ ከሉማሜ በሚኒባስ ተጭነው ይመጣሉ። አብዛኞቹ መጀመሪያ የሚሉኝ "ሆዴን ያመኛል" ነው። አለዚያም "ራሴን"። ሰገራ ተመርምሮ፣ የትል መድኃኒት ተሰጥቶ፣ አልሻል ሲላቸው ነው ወደኔ የሚላኩት። እኛ "ሆድ ይፍጀው" እንላለን አይደል? ለትልቅ ሰው ይሁን እሺ። የልጅ ሆድ ግን አይፈጀውም። ያመዋል።

ክፍሌ ጠባብ ናት። ሁለት ወንበር፣ አንድ ምንጣፍ፣ ባለቀለም እርሳስ፣ በፌስታል የተጠቀለለ ጭቃ አለ። ጭቃውን ራሴ ነኝ ቆፍሬ የማመጣው። የአንድ ልጅ ነገር ልንገርሽ። ማንነቱ እንዳይታወቅ ነገሩን አቀያይሬዋለሁ፤ የልጆቹን ምስጢር ላንቺም አላወጣም። ሦስት ጊዜ መጥቶ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። በአራተኛው ጭቃውን አነሳ። በሬ ሠራ። በክብሪት እንጨት ቀንድ ተከለለት። ሌላ በሬ ጨመረ። ቀንበር ጣለባቸው። አራሽ ግን የላቸውም።

"ማን ነው የሚያርስባቸው?" አልሁት።

ብዙ ቆየ። በሬዎቹን አንድ ጊዜ ወደፊት ገፋ አደረጋቸው።

"የሚያርስ የለም" አለኝ።

የቀረው በየቀጠሮው ትንሽ ትንሽ እያለ ወጣ።

ሥራዬ ይኸው ነው እማዬ። ክፉ ነገር ያየ ልጅ ሰውነቱ አደጋው ገና እንዳላለፈ ነው የሚቆጥረው። የድስት ክዳን ሲወድቅ ይዘላል። ሌሊት ይባንናል። ያየውን ላስረሳው አልችልም። በደህና ቦታ፣ ከሚያምነው ሰው ጋር፣ በሚችለው ልክ እየደጋገመ ይናገረዋል፣ ወይም ይስለዋል። ሲደጋገም ፍርሃቱ እየላላ ይሄዳል። አተነፋፈስም አስተምራቸዋለሁ። እሱን የወሰድሁት ካንቺ ነው። አመዱ እንዳይቦን ፍሙን ቀስ ብለሽ፣ ረዘም አድርገሽ እፍ ትዪው የለ? እንደዚያ። ትንፋሽ ቀስ ብሎ ሲወጣ የልብ ምት ይረግባል። የገጠር ልጅ "በል ፍሙን አቀጣጥል" ስትዪው ወዲያው ይገባዋል።

"ሲያድግ ይተወዋል" የሚሉኝን እከራከራቸዋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉት ልጆች ከ7ቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። በትልቅ ሰው ላይ ከምናየው የአእምሮ ሕመምም ሲሦው የሚጀምረው 14 ዓመት ሳይሞላ፣ ግማሹ ደግሞ 18 ሳይሞላ ነው። ታዲያ እስኪያድግ ምን ያስጠብቀናል?

ሕክምናው በየሳምንቱ ቢሆን ደግ ነበር። ከሩቅ የሚመጣ ሰው ግን በየሳምንቱ የመኪና ከየት ያምጣ? መንገድም ይዘጋል። አንዲት ልጅ ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ቀጠሮ ነበራት። ምንጣፉን አንጥፌ፣ የምትወደውን ሰማያዊ እርሳስ ቀርጬ ጠበቅኋት። አልመጣችም። በሚቀጥለውም ማክሰኞ ቀረች። እስካሁን ማክሰኞ በመጣ ቁጥር ዓይኔ በሩ ላይ ነው።

አባባ ያረፈ ጊዜ ትዝ ይልሻል? ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ለቀስተኛው ሁሉ "እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት፣ አላስቸገረችም" ይል ነበር። ከዚያ ትምህርት ቤትም ድምፄ ጠፋ። ጸበል ወሰድሽኝ፣ ሁለት ሱባዔ ተቀመጥን። አንድ ሌሊት ጋቢሽን አልብሰሽኝ "እኔም እኮ እፈራለሁ ልጄ፣ ኮቴ ስሰማ እሱ የመጣ ይመስለኛል" አልሽኝ። ያኔ ነው ያለቀስሁት፣ እስኪነጋ። "በቃ፣ በቃ" አላልሽኝም። ይዘሽኝ አደርሽ። ዩኒቨርሲቲ ብዙ ተምሬያለሁ፤ ከልጅ ፊት ስቀመጥ ቀድሞ የሚመጣልኝ ግን ያ ሌሊት ነው።

ስለዚህ ጸበሉን ተዉ አልልም። ይጠመቅ። ሕክምናውም አብሮ ይሂድ።

እንግዲህ እማዬ፣ ለእናቱ ለብቻዋ ንገሪያት፣ ቡና ላይ ሰው ፊት አይሁን። ልጁን አይግረፉት። ተኝቶ የሚሸና ልጅ አውቆ አያደርገውም፤ ዱላው ፍርሃቱን ነው የሚጨምርበት። አባቱን የነፍስ አባታቸው ቢያናግሩት ይሰማል ብዬ አስባለሁ። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ሽንቱም ስኳሩም ይታይ፣ ምናልባት የሰውነት ሕመም ሊሆን ይችላል። ሌላ ነገር ካልተገኘ ሪፈር ያጽፉ፣ የጤና መድን መታወቂያቸውን ይያዙ። ሪፈር ሳይዙ ከመጡ ወጪው ከኪሳቸው ነው። ልጁን "እብድ ሐኪም ቤት ልንወስድህ ነው" እንዳይሉት አደራ። "ከልጆች ጋር የምትጫወት ሴት ዘንድ ነው" ይበሉት፣ እውነትም ነው። እኔ ስለማውቃቸው የምታክመው አብራኝ የምትሠራው ናት፤ ለጎረቤት ያላወራውን ለእሷ ያወራል።

የሚመጡበትን ቀን አስደውይልኝ፣ መናኸሪያ ወጥቼ እቀበላቸዋለሁ። ከምንጩ ሥር ካለው ቀይ ጭቃም ልጁ ራሱ ቆፍሮ፣ ትንሽ በፌስታል ይዞ ይምጣ። የዚህ አገር ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ የበሬ ቀንድ አይዝም።

ልጅሽ