ከብዕሩና ከካርዶቹ ጋር የትርጉም ሠንጠረዥ የማንልክበት ምክንያት

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

የብዕር ጥለት መሣያ ሣጥናችንን ገዝታችሁ ከምትልኩልን መልእክቶች መካከል አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል። «ሐዘንን የሚያመለክተው ጥለት የትኛው ነው? ለፍቅር፣ ለይቅርታ፣ ለናፍቆትስ ምን እንሣል?» ትሉናላችሁ። አንዳንዶቻችሁ እያንዳንዱን ስሜት ከአንድ ጥለት ጋር የሚያዛምድ ሠንጠረዥ በሣጥኑ ውስጥ እንድንጨምር ጠይቃችኋል። ጥያቄው ከልብ የመጣ ስለሆነ በአጭሩ «አይቻልም» ብለን ልናልፈው አልወደድንም። ሠንጠረዡን ላለማዘጋጀት የወሰንነው ስሜት የራሱን መስመር ሲያገኝ ያሳርፋል፣ የተዘጋጀ ምልክት ሲገለብጥ ግን አያሳርፍም ብለን ስለምናምን ነው።

ካርል ጉስታቭ ዩንግ፣ ስመ ጥሩው የስዊዘርላንድ የሥነ አእምሮ ሐኪም፣ እ.ኤ.አ. በ1918 እና በ1919 ሻቶ ዴ በምትባል የስዊዘርላንድ መንደር በውትድርና አገልግሎት ላይ ሳለ በየማለዳው ማስታወሻ ደብተሩ ላይ አንዲት ትንሽ ክብ ሥዕል ይሥል ነበር። ሕይወቱን በተረከበት መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ እያንዳንዷ ክብ የዚያን ዕለት የውስጥ ሁኔታውን የምታሳይ ሆና አገኛት። አንድ ቀን ከአንዲት ከሚያውቃት ሴት ደብዳቤ ደረሰው፤ ደብዳቤው አበሳጨው። በማግሥቱ የሣላት ክብ ጠርዟ በአንድ በኩል ፈንድቶ፣ ሚዛኗም ፈርሶ ነበር።

ዩንግ «የፈነዳ ክብ ማለት ብስጭት ነው» የሚል ሠንጠረዥ ከፊቱ ዘርግቶ አልነበረም። እጁ ቀደመ፣ ዓይኑ ተከተለ፣ ትርጉሙ ከሁሉ በኋላ መጣ። ሠንጠረዥ ቢኖረው ኖሮ ብስጭትን አስቦ ብስጭትን ይሥል ነበር፤ ያላሰበውን ግን አያገኝም ነበር። እኛም ለእናንተ የምንመኘው ያንን ያልታሰበውን ነው።

ሣጥናችን የሚከተለው አሣሣል በአብዛኛው የተወሰደው ዜንታንግል ከሚባለው መንገድ ነው። (ስሙ የባለቤቶቹ የንግድ ምልክት ነው፤ ድርጅታችን ከእነርሱ ጋር የሥራ ግንኙነት የለውም።) የጀመሩት ሪክ ሮበርትስ እና ማሪያ ቶማስ የተባሉ አሜሪካውያን ሲሆኑ ጊዜውም እ.ኤ.አ. የ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው። ማሪያ የፊደል ጽሕፈት ሠዓሊ ናት፤ ሪክ ደግሞ በምንኩስና የኖረ ሰው ነው። እርሷ አንድን ትልቅ ፊደል በጥቃቅን ጥለቶች ስታስጌጥ ጊዜው ሳይታወቃት፣ ሐሳብ ሳያስጨንቃት እንደምትቆይ ስትነግረው፣ የምትገልጸው ነገር ተመስጦ መሆኑን አስተዋለ። ከዚያ ሁለቱ ሆነው ማንም ሰው ደረጃ በደረጃ ሊከተለው የሚችል ዘዴ አበጁ። የጥለቶቹ መሠረት ነጥብ፣ ቀጥታ መስመር፣ የጎበጠ መስመር፣ ወዲያና ወዲህ የሚታጠፍ መስመር እና ትንሽ ክብ ብቻ ናቸው። ስሙን መጻፍ የሚችል ሰው እነዚህን ሁሉ በስሙ ፊደላት ውስጥ ጽፏቸዋል። ስለዚህ «ሥዕል አልችልም» የሚለውን ቃል ከማንም ደንበኛችን አንቀበልም።

ካርዶቹ ለምን ትንሽ እንደሆኑም ትጠይቁናላችሁ። ጎናቸው 8.9 ሳንቲ ሜትር ነው። ትልቅ ወረቀት ገና ሳይጀመር ያስፈራል፤ ይህ ግን በአንድ መቀመጫ ያልቃል፣ በአንድ እጅም ይዞራል። ማዞሩ ቀላል አይምሰላችሁ። ካርዱን እያዞራችሁ ስትሠሩ ላይና ታች የሚባል ነገር ይጠፋል፤ «ምን እየሣልሁ ነው?» የሚለው ጥያቄም አብሮ ይጠፋል። ብዕሩ 0.25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መስመር ያወጣል። ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ውኃ አያበላሸውም፤ ስለዚህ በላዩ በእርሳስ ጥላ መጣል ይቻላል። እንዲደርቅ ግን ጥቂት ታገሡ።

አጀማመሩ አጭር ነው። በእርሳስ በአራቱ ማዕዘን አጠገብ አንድ አንድ ነጥብ አድርጉ፤ ነጥቦቹን ያለ ማስመሪያ አገናኙ፤ በተፈጠረው ክፈፍ ውስጥ እጃችሁ ወደፈቀደው የሚሄድ አንድ ስስ መስመር ልቀቁ። ይህ መስመር ክር ይባላል። ካርዱን በክፍል በክፍል ይለያል እንጂ በመጨረሻ አይታይም። ስሜታችሁ መጀመሪያ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ስለ አንድ ሰው እያሰባችሁ ከሆነ ያንን ሰው በዐይነ ልቡናችሁ ያዙና ክሩን ሳትቸኩሉ አስኪዱ። ክሩ የት ዘገየ? የት ተጣጠፈ? ከክፈፉ ጋር ተጣበቀ ወይስ መሀል ለመሀል ሄደ? መልሱን መጻፍ አያስፈልግም። ክሩ የከፈላቸውን ቦታዎች በጥለት መሙላት ብቻ ነው የሚቀረው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ጥለት ስሜትን የሚይዘው በቅርጹ ስም አይደለም፤ በመስመሮቹ መካከል ባለው ርቀት፣ በጥግግታቸውና በእጃችሁ ፍጥነት ነው። አንድ ዓይነት ጥለት በተረጋጋ ቀንና በታወከ ቀን ስትሣሉት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ይወጡታል። ሁለቱን ካርዶች ጎን ለጎን አስቀምጡና ተመልከቱ።

ለሰዎች ግንኙነት በጣም የምንወደው ሆሊባው የተባለውን ጥለት ነው። ከክፍሉ ዳር እስከ ዳር ሁለት ትይዩ መስመሮችን አስምሩ፤ አንድ ጥብጣብ የመሰለ ነገር ይወጣል። ሁለተኛውን ጥብጣብ በሌላ አቅጣጫ አምጡ፤ ከመጀመሪያው ጋር ሲገናኝ ግን ብዕሩን አንሡና ከማዶ ልክ በዚያው አቅጣጫ ቀጥሉ። በመካከል ምንም አልሣላችሁም፤ ዓይን ግን ሁለተኛው ጥብጣብ ከሥር ያለፈ መሆኑን አይጠራጠርም። ሦስተኛው ከሁለቱም ሥር፣ አራተኛው ከሦስቱም ሥር ያልፋል። በመጨረሻ የቀሩትን ክፍተቶች በጥቁር ሙሏቸው፤ ጥብጣቦቹ ከወረቀቱ ተነሥተው ብቅ ይላሉ።

በዚህ ጥለት መጀመሪያ የተሣለው ምን ጊዜም ከላይ ይቀራል። ቤተሰባችሁን እያሰባችሁ ብትሣሉ፣ የመጀመሪያውን ጥብጣብ የማን እንደምታደርጉት ብዕሩ ወረቀቱን ሳይነካ ትወስናላችሁ፤ አንዳንዴ ውሳኔው ራሳችሁን ያስገርማችኋል። ሌላው የምንወደው ነገር ብዕር የሚነሣበት ቅጽበት ነው። መስመሩ የተቋረጠ ይመስላል፤ ከማዶ ሲቀጥል ግን እንዳልተቋረጠ ታያላችሁ። ከወዳጁ ጋር ለረጅም ጊዜ ሳይነጋገር የቆየ ሰው ይህንን መስመር ሲያሻግር የሚሰማውን እኛ ልንነግረው አንችልም፤ እጁ ይነግረዋል።

ናፍቆት ላለበት ሰው ደግሞ ዙሪያ መስመርን እንመክራለን። አንድ ትንሽ ቅርጽ ሣሉ፤ ማዕዘን ቢኖረው ይመረጣል። ከዚያ ከቅርጹ ጥቂት ራቅ ብሎ ቅርጹን የሚከተል መስመር በዙሪያው አዙሩ። እንደገና በዚያ ዙሪያ ሌላ፣ በዚያም ዙሪያ ሌላ። በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ነገር ይሆናል። የመጀመሪያው ቅርጽ ሹል ማዕዘን እየለሰለሰ ይሄዳል፤ ዳር ስትደርሱ ክብ ወደመሆን ይቀርባል። በአንዱ ዙር እጃችሁ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ግን የሚቀጥለው መስመር ያንን መንቀጥቀጥ ይከተላል፤ ቀጥሎ ያለውም እንዲሁ፤ በመጨረሻ ወደ ዳር የሚሰፋ ማዕበል ይሆናል። የራቀ ሰው በእኛ ውስጥ የሚተወው ነገር ሁለቱም ነው፤ የሚለሰልስም፣ የሚሰፋም። ዙሩን መቼ ማቆም እንዳለባችሁ የሚወስንላችሁ የለም።

እየተመላለሰ ለሚያስቸግር ሐሳብ ፓራዶክስ የሚሉት ጥለት አለ። ሦስት ማዕዘን ተሣሎ በውስጡ ከእያንዳንዱ ማዕዘን ተነሥቶ ከቀጣዩ ማዕዘን ጥቂት ፈንጠር ብሎ የሚያርፍ ቀጥታ መስመር ይሰመራል። ሁሉም መስመሮች ቀጥታ ናቸው፤ ውጤቱ ግን የሚሽከረከር ጉብጠት ይመስላል። እየጠበበ ሄዶ ብዕሩ የማይገባበት ቦታ ላይ ያበቃል። ማብቂያ ያለው መሆኑን እጅ ሲያውቀው ትንፋሽ ይረጋጋል።

ስለ ቁጣ ለብቻው መናገር ያስፈልገናል፤ በተለይ «ብዕሩ ተበላሸ» ብለው ለሚጽፉልን። የብዕሩ ጫፍ ስስ ፕላስቲክ ነው፤ ተጭነው ሲጽፉበት ወደ ውስጥ ይገባና አይወጣም። ተናዳችሁ ስትቀመጡ እጅ መጫን ይፈልጋል። ቁጣውን አትከልክሉት፤ ቦታውን ብቻ ቀይሩለት። ከጉልበት ወደ ጥግግት አዙሩት። መስመሮቹን እጅግ አቀራርቡ፤ በሁለት መስመሮች መካከል ፀጉር የምታህል ነጭ ብቻ እስክትቀር ድረስ። ያን ያህል ማቀራረብ ዝግታን ያስገድዳል፤ ሲጣደፉ መስመሮቹ ይነካካሉና። የተቆጣ እጅ በራሱ ፈቃድ ሲዘገይ ማየት ከዚህ ሥራ ዋና ዋና በረከቶች አንዱ ነው እንላለን።

ላጲስም ለምን እንደሌለ ከዚሁ ጋር ብትረዱልን ደስ ይለናል። ያልታሰበ መስመር ሲወጣ ያንኑ መስመር በሌላ ሦስት አራት ቦታ ድገሙት፤ ሲደገም የጥለቱ አካል ይሆናል። የተነካካውን ቦታ በጥቁር መሙላትም ይቻላል። ላጲስ በእጅ ካለ ግን ዓይን ስሕተት ፍለጋ ይሄዳል፤ ስሕተት የሚፈልግ ዓይን ደግሞ አያርፍም።

«ይህ ሁሉ በእርግጥ ይጠቅማል ወይ?» ለምትሉን፣ የምናውቀውን ልክ በልኩ እንንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 ከሪ እና ካሰር የተባሉ ተመራማሪዎች በ84 የኮሌጅ ተማሪዎች ላይ ጥናት አደረጉ። ተማሪዎቹ በመጀመሪያ የሚያስፈራ ገጠመኛቸውን ጻፉ፤ ከዚያ ለ20 ደቂቃ ቀለም ቀቡ፤ አንዳንዶቹ ክብ ጥለትን፣ ሌሎቹ ባለ መስመር ጥለትን፣ የቀሩት ባዶ ወረቀትን። ጥለት የቀቡት ሁለቱ ቡድኖች ባዶ ወረቀት ከተሰጣቸው ይልቅ ጭንቀታቸው ቀነሰ። ጥናቱ ስለ ቀለም መቀባት ነው፤ ስለ ብዕር ጥለት አይደለም። ቢሆንም ክፈፍና ክር ለምን እንደምንሰጣችሁ ያስረዳል፤ ለታወከ አእምሮ ፍጹም ባዶ ወረቀት ዕረፍት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ጊሪጃ ካይማልና ባልደረቦቿ ባወጡት ሌላ ጥናት ደግሞ 39 አዋቂዎች ለ45 ደቂቃ የፈለጉትን የሥነ ጥበብ ሥራ ሠሩ፤ ከእነርሱ 75 በመቶ ያህሉ ከጭንቀት ጋር የሚያያዘው ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን ቀነሰላቸው። ቀድሞ ሥዕል መልመድ አለመልመዳቸው ጉልህ ልዩነት አላመጣም።

ይሁንና ሣጥናችን መድኃኒት አይደለም። ሐዘኑ ወይም ጭንቀቱ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት የነሣው ሰው፣ ወይም በቤቱ ጥቃት የሚደርስበት ሰው፣ ከካርዱ በፊት ሊረዳው የሚችል ባለሙያና የሚያምነው ሰው ያስፈልገዋል። ይህንን የምንለው ለደንቡ ያህል አይደለም።

ጥለቱን ስላሰባችሁለት ሰው መስጠት አለባችሁ ወይ? የእናንተ ፈንታ ነው። ከሰጣችሁ ግን ትርጉሙን አታብራሩ፤ ስሙንና ቀኑን በጀርባው ጽፋችሁ ስጡት። ከሚቀርባችሁ ሰው ጋር አብራችሁ መሣልም ትችላላችሁ። እያንዳንዳችሁ ለሌላው ክር አውጡለት፤ ካርዶቹን ተለዋወጡ፤ አንድ ክፍል በሞላችሁ ቁጥር እንደገና ተለዋወጡ፤ እስኪያልቅ ድረስ አትነጋገሩ። የሌላውን መስመር ሳታበላሹ መቀጠል እንዴት ያለ ትኩረት እንደሚጠይቅ ያኔ ታያላችሁ። በንግግር ለሚቸገሩ ሁለት ሰዎች ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አናውቅም።

በቀጣይ በምንልካቸው ሣጥኖች ውስጥ የሆሊባውን፣ የዙሪያ መስመርንና የፓራዶክስን አሣሣል ደረጃ በደረጃ የሚያሳዩ ሦስት ገጾች ይኖራሉ፤ በገጾቹ ላይ የስሜት ስም አልተጻፈም። ሣጥኑን ቀደም ብላችሁ የገዛችሁ ገጾቹን ያለ ክፍያ እንልክላችኋለን፤ ለዚህ ደብዳቤ መልስ መስጠት ብቻ ይበቃል። ጫፉ የገባባችሁን ብዕርም እንቀይራለን። ተጨማሪ ብዕሮች ለመግዛት ግን አትቸኩሉ፤ አንዱ ለብዙ ካርድ ይበቃል፣ ክዳኑን ሁልጊዜ ከከደናችሁት።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤቶችና ሠራተኞች